ደረሰኝ ያልነበረው ቬንትሌተር

ዛሬም የተቃጠለ ሽቦ ሲሸተኝ፣ አዋሽ ሰባት ኪሎ የነበረችው ቤታችን ፊቴ ላይ ድቅን ትላለች። ጊዜው የደርግ ነው። አባቴ የባቡር ሐዲድ ጠጋኝ ስለነበር አብዛኛውን ጊዜ መስመር ላይ ያሳልፍ ነበር፤ እናቴም እኔንና ጡት የሚጠባውን ወንድሜን ይዛ ሙቀቱን ብቻዋን ትታገል ነበር።

ግንቦት ሲገባ የቆርቆሮው ጣሪያ ይግልና ሕፃኑ ገላው ሽፍ ብሎበት ሲያለቅስ ይውል ነበር። እናቴ ቆጥባ ቆጥባ፣ ከወሎ መጥቶ ገበያው ዳር ሱቅ ከከፈተው ከጋሽ ሰይድ ቬንትሌተር ገዛች። ዕቃው ከጅቡቲ በሎጊያ በኩል በጭነት መኪና ተደብቆ የገባ ስለነበር ደረሰኝ የሚባል ነገር አልነበረውም። ሳምንት ሳይሞላው ወንድሜ ራስጌ እንደቆመ ጭስ አውጥቶ ቀጥ አለ፤ እናቴ ገመዱን ነቅላ ሕፃኑን ታቅፋ ወጣች።

እኔን አስከትላ ሱቁ ሄደች። ጋሽ ሰይድ ቬንትሌተሩን ገልበጥ አድርጎ አየና፣ «በላይነሽ፣ ደረሰኝ ይዘሻል?» አላት።

«መቼ ሰጡኝና ነው ጋሽ ሰይድ? ልጄን ሊያቃጥልብኝ ነበር እኮ» አለች፤ ገበያተኛው ሁሉ ሰማ።

በማግስቱ ከነቬንትሌተሩ ቀበሌ ተጠራች፤ እኔም ተከተልኳት። ሊቀመንበሩ ለስለስ ብሎ፣ «ደረሰኝ ባይኖርሽም መብትሽ ነው፤ ከማን እንደገዛሽ ብቻ ተናገሪ፣ እናስመልስልሻለን» አላት። ከማን እንደገዛች ሁሉም ያውቃል፤ እሱን በኮንትሮባንድ ለማሳሰር የጎደለው የእሷ ቃል ብቻ ነበር። እሷ ግን፣ «ከማላውቀው መንገደኛ ነው። ጋሽ ሰይድ ዘንድ የሄድኩት እንዲያስጠግኑልኝ ነው» አለች። ቬንትሌተሩን ወረሱት፤ እሷን አስጠንቅቀው ሰደዷት። ስንመለስ «ልጆች አሏቸው እኮ» አለችኝ።

ጋሽ ሰይድ ይህን ሰምቶ፣ በሙቀቱ መንገዱ ጭር ባለበት ሰዓት ሌላ ቬንትሌተር በጆንያ ጠቅልሎ መጣ። «ይኼኛውን ራሴ ሞክሬዋለሁ። ለባለቤቴ ለዘሃራም አልነገርኳት። አላህ ይስጥልኝ» ብሎ ፈጥኖ ሄደ። ክረምቱን ወንድሜ ያለ ለቅሶ ይተኛ ጀመር።

ጥቅምት ላይ ግን ኮንትሮባንድ የሚያድኑት ፊናንስ ፖሊሶች ሱቁን ፈትሸው ጋሽ ሰይድን ወሰዱት። ማን እንደጠቆመ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሰፈሩ ግን የእኛ ቬንትሌተር በቀበሌ መወረሱን ያውቅ ስለነበር፣ ቤታችን ውስጥ ሌላ ሲሽከረከር ሲያይ ለጥቆማዋ የተከፈላት ነው ብሎ አወራ። በየዒዱ ሐልዋ ትልክልን የነበረችው የጋሽ ሰይድ ሚስት ዘሃራ፣ እናቴን ስታይ መንገድ ትቀይር ጀመር።

«እማዬ፣ እሳቸው እንደሰጡን ለምን አትነግሪያትም?» አልኳት።

«ጉዳያቸው ሳያልቅ፣ ዕቃ ሰጥተውኛል ብዬ ልመስክርባቸው?» አለችኝና ቬንትሌተሩን ነቅላ አልጋ ሥር ከተተችው። ቀጣዩን በጋ ሕፃኑን በካርቶን ስታራግብ ከረመች።

ጋሽ ሰይድ ሲፈታ ከስቶ፣ ጺሙ ነጥቶ ነበር። ወሬውን እንደሰማ ዘሃራን ይዞ መጣና፣ ጎረቤቱ ባለበት፣ «ያን ዕቃ የሰጠኋት እኔ ነኝ። እሷ ባትሸፍነኝ ኖሮ ያኔውኑ ነበር የምታሰረው» አለ። ዘሃራ የእናቴን ጉልበት ይዛ አለቀሰች፤ እናቴም አንስታ ውሃ ሰጠቻት። ከዚያ ወዲያ የሰፈሩ ሰላምታ ተመለሰ፤ እናቴ ግን አመሻሽ ላይ እንደ ድሮዋ ከጎረቤቶቿ ጋር ደጅ ተቀምጣ አይቻት አላውቅም።

ባለፈው ዓመት ለሥራ ሠመራ ሄጄ የገዛሁት የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ በማግስቱ አልሠራ አለ። ደረሰኙን ጥዬዋለሁ። ባለሱቁ፣ ወጣት ልጅ ነው፣ ሰክቶ አየውና «ይቅርታ እናቴ» ብሎ ሌላ አወረደልኝ፤ ስሜን እንኳ አልጠየቀኝም። አመስግኜ ወጥቼ ጥላ ሥር ትንሽ ቆምኩ። ነገሩ እንዲህ ቀላል ሊሆን እንደሚችል እናቴ ሳታውቅ ነው ያለፈችው።