ከፈቲያ ኋላ ተቀምጬ ያደረግኩት

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለወንድሜ አልነገርኩም፤ በረመዳን የሰው ልብ ሲለሰልስ እንኳን የእኔ አፍ አልተከፈተም። እናንተ አታውቁኝም፣ ለዚህ ይሆናል ለእናንተ መናገር የቀለለኝ። ባለቤቴን ፈቲያን ሞተር ሳይክል ሳስተምራት፣ እንዳትችል አደረግኳት። እኔ ነኝ ያደረግኩት። እሷ ግን ጥፋቱ የራሷ ይመስላታል።

በተጋባን በዓመቱ ፈቲያ የእንስሳት ጤና ትምህርቷን ጨርሳ፣ በመቻራ በኩል ባሉ ቀበሌዎች እየዞረች ከብት የምትከትብበት ሥራ አገኘች። የተጠየቀችው አንድ ነገር ነበር፤ ሞተር መንዳት። መንገዱ ድንጋይና ጭቃ ነው፣ ሚኒባስ አይደርስበትም። እኔ ደግሞ ከጭሮ እስከ ገለምሶ በሞተር የሚያህለኝ የለም ብዬ የምኮፈስ ሰው ነበርኩ። "አንተ እያለህልኝ ሌላ ማን ያስተምረኛል?" አለችኝ። ወላሂ፣ መጀመሪያ ደስ ነው ያለኝ።

ከጭሮ ከተማ በላይ፣ ወደ ተራራው በሚወጣው የጠጠር መንገድ ላይ ጀመርን። ከቀሚሷ ሥር ሱሪ ለብሳ፣ ሻርፗን አጥብቃ አስራ፣ "ቢስሚላህ" ብላ ትነሳለች። እኔ ከኋላዋ ተቀምጬ፣ ፈጠን ስትል "ሱታ፣ ሱታ! ቀስ በይ!" እላለሁ። ፍሪሲዮኑን ቶሎ ለመደችው። እውነቱን ልናገርና፣ ማርሽ አቀያየሯ ከእኔ ይሻል ነበር።

አንድ ቀን ኩርባ ላይ ስንደርስ ጫት የጫነ አይሱዙ ከላይ ሲወርድ አየሁና ደንግጬ ወደ ውጭ አጋደልኩ። ሞተሩ ተንገዳገደ። ከኋላ የተቀመጠ ሰው ከሚነዳው ጋር አብሮ ወደ ኩርባው ካላዘነበለ መሪው ይከብዳል፤ ጀማሪ ይህን ከየት ያውቃል? ፈቲያ አቆመችና እጆቿን እያየች "ምን ሆነው ነው እነዚህ?" አለች። የዚያን ቀን ያደረግኩት ሳላስበው ነው። "እጆችሽ ምንም አልሆኑም፣ ያጋደልኩት እኔ ነኝ" ብላት ኖሮ ምን እጎዳ ነበር? አላልኳትም።

በማግስቱ አውቄ አደረግኩት። ከዚያም ኩርባ በመጣ ቁጥር አደረግኩት። ብዙ አይደለም፤ ወገቤን ቀጥ አድርጌ ትከሻዬን ትንሽ ወደ ተቃራኒው መጣል ብቻ ነው። ቀጥ ባለው መንገድ እንደ ልቧ የምትነዳው ሴት ኩርባ ስታይ መላ አካሏ ይደርቅ ጀመር። በመጨረሻ ወደቅን። የእሷ ክርን ተላጠ፣ እኔ ምንም አልሆንኩም። ደሟን በሻርፗ ጫፍ እየጠረግኩ ያጽናናኋትም እኔው ነኝ። "ይቅርብሽ የኔ እናት፣ ሞተር ለሁሉም ሰው አይሆንም" አልኳት። ይህ ቃል እስከ ዛሬ ይመረኛል።

ለምን አደረግኩት? አደጋ ፈርቼላት ነው ብል ግማሹ እውነት ነው። የቀረውን ግማሽ የፈራሁት ለራሴ ነው። ራሷ ነድታ የምትሄድ፣ ራሷ ነድታ የምትመለስ ሴት እኔን ምን ታደርገኛለች ብዬ ነው። ሰው ሚስቱን እየወደዳት እንዲህ ያደርጋል? እኔ አደረግኩ። ሥራው ለሌላ ሰው ተሰጠ፣ ፈቲያ ጭሮ ውስጥ የከብት መድኃኒት ቤት ተቀጠረች። ገበሬ መጥቶ ስለታመመች ላሙ ሲነግራት፣ ላሟን ሳታይ መድኃኒት መስጠቱ አሁንም ያንገበግባታል።

ከዚያ ወዲህ ከኋላ የምትቀመጠው እሷ ናት። ኩርባ ላይ ስደርስ ጉንጯን ጀርባዬ ላይ አድርጋ አብራኝ ታዘነብላለች። እንዲህ አድርጊ ያላት ሰው የለም። አንድም ቀን ወደ ሌላ አጋድላብኝ አታውቅም።

ባለፈው ሳምንት ሂርና ዘመድ ጠይቀን ልንመለስ ስንል ግራ ጉልበቴ እምቢ አለኝ። የቆየ ሕመም ነው፤ ማርሽ መርገጥ አቃተኝ። ፈቲያ አየት አድርጋኝ "በል ውረድና ከኋላ ሁን" አለች።

"ትችያለሽ?" አልኳት፤ ይህን የምጠይቅ እኔ!

"ካልቻልኩ አብረን እንወድቃለን፣ ለምደነው የለ?" ብላ ሳቀች።

እግሯ ማርሹን አልረሳውም። የመጀመሪያው ኩርባ ሲመጣ ትከሻዋ እንደ ድሮው ደረቀ። ጉንጬን ጀርባዋ ላይ አድርጌ አብሬያት አዘነበልኩ። ሞተሩ ምንም ሳይል ዞረ። ሁለተኛውንም ዞረች። ከዚያ በኋላ ትከሻዋ ለቀቀና እየነዳች ማንጎራጎር ጀመረች። እኔ ከኋላዋ ሆኜ አለቀስኩ፤ ነፋሱ ነው እንዳልል ጀርባዋ ከልሎኝ ነበር።

ጭሮ ደርሰን ሞተሩን አጠፋችና ወደ እኔ ዞረች። ፊቷ የዚያን ጊዜዋን ፈቲያ መስሎ ነበር። "አየህ፣ ለካ በከንቱ ነው የፈራሁት! አንተ ግን ያኔ ስንት ታገሥከኝ፣ አላህ ይስጥህ" አለችኝ። እኔን አመሰገነችኝ።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ደስታዋን እንዳላበላሽባት ብዬ ነው ዝም ያልኩት እንዳልል፣ ይህም ያው ለእሷ አስቤ ነው የሚለው የድሮ ውሸቴ ነው። አሁንም ለራሴ ፈርቼ ነው።

ነገ ከጁምዓ በኋላ ወደ ገለምሶ እንሄዳለን፣ የምትነዳው እሷ ናት። ከመነሳታችን በፊት እነግራታለሁ። ውረድ ካለችኝ እወርዳለሁ፣ ጉልበቴንም ምክንያት አላደርግም። ከእናንተ ይቅርታ አልለምንም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ለእሷ የምለውን ግን እዚህ ልለማመደው፦ ፈቲያ፣ እጆችሽ ምንም አልሆኑም ነበር። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ትችዪ ነበር። አፉ በይኝ።