መርዶዬን ፍለጋ ወደ ካሮልተን

ባለፈው ቅዳሜ ከምኖርበት ከተማ ከዩለስ ተነስቼ ጎረቤት ከተማ ካሮልተን ደርሼ ተመለስኩ። መንገዱ ሃያ ማይል ቢሆን ነው። አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ የምጭን ሰው ነኝና፣ ይህን ጉዞ ብዬ ብጽፍ የሥራ ባልደረቦቼ ይስቁብኛል። የሄድኩት ግን ወንድሜን ብሩክን ላገኝ ነው፤ ያውም ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ በሆነው በናቫሆ ሽማግሌ ፊት።

ጠባችን ይህ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት የልብ ቀዶ ሕክምና አድርጌ፣ ደረቴ በሽቦ ተሰፍቶ ቤት ተኝቼ ሳለ፣ እናታችን ደብረ ብርሃን ታመመች። ብሩክ «ለሥራ ካሊፎርኒያ ልሄድ ነው» ብሎኝ፣ እኔ በምሠራበት አውሮፕላን ማረፊያ በኩል አገር ቤት ገባ። አስታመማት፣ ቀበራት፣ ተመልሶም ዝም አለ። እኔ የሰማሁት መራመድ በጀመርኩ ሰሞን፣ የአበሻ ግሮሰሪ ውስጥ ምስር እየመረጥኩ፣ ስሙን እንኳ ከማላውቀው ሰውዬ ነው። «እግዜር ያጥናህ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ብሩክን በወጉ አላናገርኩትም። እናቴ መጨረሻዋ ላይ ምን እንዳለች የሚያውቅ ግን እሱ ብቻ ነው። ይህ እንቅልፍ ይነሳኛል።

የእኛ ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ አስታርቀውናል። ሳሙ ተባልን፣ ተሳሳምን፤ መኪና ማቆሚያው ጋ ሳንደርስ ተኳረፍን።

ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ ዩለስ

የብሩክ ልጅ ሜሮን መኪናዋን አጥባ መጣች። ካሮልተን የምትኖር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። መኪና አጥባ አታውቅም፤ ጠረጠርኩ።

«አንክል ታዬ፣ ሬዲ ነህ?»

«አባትሽ ምን አለሽ?»

«ምንም። ኦኬ አለኝ።»

«ኦኬ ብቻ?»

«ሶ፣ ምን እንዲል ፈልገህ ነበር?»

መንገድ ላይ ካሉት ዶናት ቤቶች አንዱ ጋ ቆመን፣ ቋሊማ የገባበት ዳቦ በሁለት ዶላር ከሰባ አምስት ገዛችልኝ። ለእርቅ ይዞኝ እየሄደ አስቀድሞ የሚያበላኝን ሰው አላምንም። ግን በላሁት።

161 የሚባለውን መንገድ ይዘን ወደ ሰሜን ወጣን። ያው የክፍያ መንገድ ሳይወርዱ ቢነዱበት ወንድሜ ያለበት ዋይሊ አጠገብ ያደርሳል፤ ስለዚህ እዚያ ይዛኝ እንዳትሄድ የመንገዱን ምልክት ሁሉ አነበብኩ።

«ሰውዬሽ ፎርም ያስፈርመናል?»

«ፎርም የለም። ሪኮርድም አያደርግም።»

«ለትምህርትሽ ነዋ!»

«ኖ አንክል! ፔፐር አልጽፍብህም፣ ፕሮሚስ። ሚስተር ሮይ ኔበሬ ነው፣ ጎረቤቴ። አሪዞና እያለ ለወገኖቹ ይሄን ይሠራ ነበር። ማለቴ፣ የተጣሉ ሰዎችን ያነጋግራል።»

በትክክለኛው መውጫ ስትወርድ እንኳ አላመንኳትም።

አራት ሰዓት፣ ካሮልተን

ሚስተር ሮይ ጡረታ የወጡ የአውሮፕላን መካኒክ ናቸው። ጆሯቸው ላይ የመስሚያ መሣሪያ፣ በረንዳቸው ላይ በባልዲ የተተከለ ቲማቲም አለ። ላባ ነገር የጠበቅኩት እኔ ነኝ፤ ለራሴ አፈርኩ።

ብሩክ ቀድሞ ደርሷል። ጸጉሩ ሸብቷል። በአሥራ አራት ዓመት የምበልጠው ልጅ ነው፤ ፊቴን ግን አላዞርኩለትም።

ወንበሮቹ ጠረጴዛ ዙሪያ ክብ ተደርገዋል። ዳኛው የት እንደሚቀመጥ መለየት አልቻልኩም። ሮይ በቋንቋቸው ረዘም ያለ ጸሎት አደረሱ። ምን እንደሚጠሩ ስለማላውቅ ጠረጴዛው ስር በጣቴ አማተብኩ።

«በእኛ ዘንድ ይህን የሚሠራ ሰው አይፈርድም» አሉ። «መጀመሪያ ማን እንደሆናችሁ ንገሩኝ። ሥራችሁን አይደለም። የእናታችሁን ወገን አስቀድሙ፣ ከዚያ የአባታችሁን።»

ናቫሆ ራሱን የሚያስተዋውቀው እንዲህ ነው፤ እሳቸውም የእናታቸውን ጎሳ ጠርተው ጀመሩ። ተራዬ ሲደርስ «የአስካለ ልጅ ነኝ፤ አባቴ ገብሬ ነው» አልኩ። ብሩክ ያንኑ ቃል ደገመው። ስሟን ከአፉ ስሰማ ከሁለት ዓመት ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።

ከዚያ ተናገር ተባልኩ። አርባ ደቂቃ ያህል ተናገርኩ። የእኛዎቹ ቢሆኑ አምስተኛው ደቂቃ ላይ «ተው በቃ» ይሉኝ ነበር። እዚህ ማንም አላቋረጠኝም፤ ይህም ራሱ አጠራጠረኝ።

ብሩክ ቀጠለ። «ጋሼ፣ እሷ ናት እንዳትነግሩት ያለችው።»

አላመንኩትም። በሞተ ሰው ማሳበብ ቀላል ነው፤ ይህንንም በግልጽ ነገርኩት።

አሁን ሮይ «ይቅር በለው» ይሉኛል ብዬ መልሴን አዘጋጀሁ። እሳቸው ግን «እንዲስተካከል ምን ይበቃሃል?» ብለው ጠየቁኝ። በእነሱ ሥርዓት የተጎዳው ሰው የሚበቃውን ራሱ ይናገራል፤ የጎዳውም ይችል እንደሆነ ይመልሳል። እኔን እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

«መርዶዬን» አልኩ።

«ጋሼ፣ ሁለት ዓመት ሆነው እኮ!»

«አልተነገረኝም። ግሮሰሪ ውስጥ ነው የሰማሁት።»

ሮይ መርዶ ምን እንደሆነ ጠየቁ። ንጋት ላይ፣ የሞተበት ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ይመጣል፣ አጠገቡ ይቀመጣል፣ ይነግረዋል፣ ሲያለቅስም ይይዘዋል አልኳቸው።

«በስንት ሰዓት?» አሉ ሮይ፣ የሥራ ሰዓት እንደሚጠይቅ ሰው።

«አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ።»

ብሩክ «እመጣለሁ» አለ። ከዚያ የበግ ሾርባና በዘይት የተጠበሰ ዳቦ በላን። ሾርባው ቅመም የለውም፤ ግን ሁለት ሳህን ጠጣሁ።

እሑድ ንጋት፣ ዩለስ

እመጣለሁ ብለው የቀሩ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ። ሆኖም ገና ሳይነጋ ተነስቼ ለብሼ፣ ሶፋው ላይ ቁጭ አልኩ። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲል በሩ ተንኳኳ።

ብሩክ፣ ሜሮን፣ ከኋላቸው ደግሞ ኮፍያቸውን በእጃቸው የያዙ ሚስተር ሮይ። ብሩክ አጠገቤ ተቀመጠና ትከሻዬን ያዘ።

«ጋሼ፣ እማዬ አርፋለች።»

ከዚያ ያስታመማትን አምስት ቀን ነገረኝ። ምን እንደቀመሰች፣ ማን ውሃ እንዳቀበላት፣ በየትኛው ጎኗ እንደተኛች። መጨረሻ ላይ «‹ደረቱ ሳይሽር እንዳትነግሩት› አለችኝ። ‹ታዬ ሲያለቅስ ያስነጥሰዋል፣ ስፌቱ ይፈታበታል› አለች» አለ።

ክው አልኩ። እውነት ነው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ሳለቅስ ያስነጥሰኛል። እንዳይታወቅብኝ ሰው ፊት አላለቅስም፤ ብሩክም ሳለቅስ አይቶኝ አያውቅም። ሐኪም ቤት ደግሞ ስታስነጥስ ደረትህ ላይ እቀፈው ብለው ትራስ ሰጥተውኝ ነበር፤ ያኔ ማስነጠስ ነፍስ ያወጣል። ይህን ከእሷ በቀር ማንም ሊለው አይችልም።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ትንሽ ነው። መጠርጠሬን አልተውኩም፤ ሜሮን መኪናዋን ለምን እንዳጠበች እስከ ዛሬ አልገባኝም። ግን ለሁለት ዓመት ይቅር በል ሲሉኝ የነበሩ ሰዎች ሁሉ ምን እንደጎደለኝ አልጠየቁኝም ነበር፤ እኔም አልነገርኳቸውም፣ ለወንድሜም ቢሆን።

ብሩክን አቅፌ አለቀስኩ። ሦስት ጊዜ አስነጠስኩ። ደረቴን አላመመኝም።