ቁጥር ሰጪው ባድሩ

ባድሩ በሐይቅ ከተማ ጌም ቤት አለው። ሦስት ቴሌቪዥን፣ ስፖንጃቸው የወጣ አራት ሶፋዎች፣ በሩ ላይ አረንጓዴ መጋረጃ፤ ቤቱ ይኸው ነው። ዕድሜው ሠላሳ ዘጠኝ ነው። አባቱ ሐይቁ ላይ ዓሣ ያጠምዱ ነበር። እሱ ግን ስልክ ጠጋኝ ሆኖ ኖረና ከጦርነቱ በኋላ ጥገናውን ትቶ ጌም ቤት ከፈተ። ለሚጠይቀውም ለማይጠይቀውም፣ በወጣትነቱ የከተማው ቡድን አጥቂ እንደነበረና ጉልበቱ ባይጎዳ ኖሮ ለደሴ ይጫወት እንደነበር ይናገራል። በዚያ ዘመን ቡድኑን ያሠለጥኑ የነበሩ ሁለት ሰዎችን አግኝቼ ጠይቄያለሁ። ባድሩ ሁለት ዓመት ማሊያ ለብሶ ተቀምጧል። ሜዳ የገባው አንድ ቀን፣ ለዐሥራ አንድ ደቂቃ ነው። ስለ ጉልበቱ ሁለቱም የሚያስታውሱት ነገር የለም።

ሦስት ዓመት ሙሉ የሐይቅና የአምባሰል ተጫዋቾች ስንት እንደሚያወጡ ሲወስን የኖረው ይህ ሰው ነው።

ነገሩ የተጀመረው በ2015 ዓ.ም. ነው። የእግር ኳሱ ጌም የውጭ ተጫዋቾችን ስም አጥፍቶ በምትኩ የፈለጉትን ለመጻፍ ይፈቅዳል። ባድሩ መጀመሪያ የሐይቅን ቡድን፣ ቀጥሎ የውጫሌን፣ በኋላም አርዲቦ ሐይቅ ዳር ያሉትን ቀበሌዎች ቡድን አስገባ። ወጣቱ ወደደው። ሰው ስሙን ማሊያ ላይ አንብቦ ራሱን በራሱ ሲያጫውት የሚሰማውን ደስታ እኔም አልንቅም። የምንቀው ቁጥሩን ነው። ጌሙ ለእያንዳንዱ ተጫዋች ፍጥነት፣ ቅብብል፣ ማስጣል፣ መረጋጋት እያለ በየዘርፉ ከመቶ ቁጥር ይጠይቃል። ከዚያ ዘርፎቹን አስልቶ አንድ ጠቅላላ ቁጥር ያወጣል። ሬቲንግ የሚሉት እሱን ነው። ባድሩ ግን ሥራውን ከጅራቱ ይጀምራል። «ይሄ ልጅ ሰባ አምስት ነው» ብሎ ድምሩን አስቀድሞ ይወስናል፤ ከዚያ ድምሩ እስኪሞላለት ድረስ ዘርፎቹን ወደ ላይና ወደ ታች ይገፋል። እኔ በምሠራበት ክፍል እንዲህ ያደረገ ሠራተኛ በማግስቱ መዝገቡን አስረክቦ ይሄዳል።

ዘርፎቹንም የሚሞላበትን መንገድ አይቻለሁ። አጥቂው ማህዲ ከደሴ ብርቱካናማ ታኬታ ገዝቶ በመጣ ሳምንት ፍጥነቱ ከሰባ አንድ ወደ ሰማንያ ስምንት ወጣ። ማህዲ በኋላ ወደ ግራ መስመር ተከላካይነት ሲዛወር ታኬታውም ፍጥነቱም አብረውት ተዛወሩ። አንድ አማካይ ደግሞ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በድቁና ያገለገለ ስለሆነ በመረጋጋት ዘጠና ሦስት ተሰጠው። በዚያ ዓመት ከቡድኑ ብዙ ቢጫ ካርድ ያየው እሱ ነበር። የአርዲቦ ተጫዋቾች አንዳቸውም ከሃምሳ አምስት አልፈው አያውቁም፤ ባድሩ ሜዳቸው ድረስ ሄዶ አይቷቸው ስለማያውቅ ነው። ራሱንም አስገብቷል፤ «የቀድሞ ኮከብ» ከሚል ዝርዝር ውስጥ፣ ሰማንያ ስድስት ሆኖ። ይህ ቁጥር እስከ ዛሬ አልተነካም።

እኔ ጸዳለ እባላለሁ፤ የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ ያዥ ነኝ። ታናሽ ወንድሜ ዋለ የሐይቅ ቡድን የግራ መስመር ተከላካይ ነበር። አንድ ቀን ከልምምድ መልስ ታኬታውን ደጃፍ ላይ እያራገፈ፦

«እት ጸዳለ፣ የተወለደውን ትመዘግቢያለሽ፤ የሞተውን ትመዘግቢያለሽ። ቆሞ የሚሮጠው ምን አጠፋ?» አለኝ።

«ማንን ልመዝግብ?»

«እኔን። ባድሩ ሃምሳ ስምንት ነህ አለኝ።»

«ከስንት?»

«ከመቶ ነዋ። ባድሩ ቤት ግብ ጠባቂያችን እንኳ ሮጦ ይቀድመኛል።»

እየሳቀ ነበር የነገረኝ። እኔ ግን ከሚቀጥለው እሑድ ጀምሮ ደብተር ይዤ ሜዳ ዳር መቀመጥ ጀመርኩ። ሁለት ዓመት፣ ሃያ ሦስት ጨዋታ። በእሱ በኩል የመጣ ኳስ ሁሉ፣ ደቂቃው፣ ማን ይዞት እንደመጣ፣ አስጣለው ወይስ አለፈው፣ ካስጣለው ቅብብሉ ደረሰ ወይስ ባከነ፤ እነዚህን ብቻ ጻፍኩ። ማህዲ በእሱ ቦታ በገባባቸው ዐሥራ አራት ጨዋታዎችም የማህዲን ጻፍኩ። ወደ ዋለ ከመጡ አራት መቶ ዐሥራ ሁለት ኳሶች ሁለት መቶ ዘጠና ሦስቱን አስጥሏል፤ ከመቶ ሰባ አንድ ማለት ነው። ማህዲ ስድሳ አራት። ተጫዋች በዚህ ብቻ እንደማይለካ አውቃለሁ። ግን ቁጥር የሚባል ነገር ከተሰጠ የሰጠው ሰው ምን እንዳየ፣ ስንት ጊዜ እንዳየ፣ መቼ እንዳየ ከጎኑ መጻፍ አለበት። ሲለወጥም የድሮው በአንድ መስመር ይሰረዛል እንጂ አይፋቅም። ይህ ያልተደረገበት ቁጥር ሐሜት ነው።

በመጋቢት 2016 ደብተሩን ይዤ ባድሩ ዘንድ ሄድኩ። ሁለት ገጽ ገለጠና መለሰልኝ።

«ጸዱ፣ ኳስ እንደ ቀበሌ ሰው አይቆጠርም። ኳስ በዓይን ነው» አለኝ።

«በዓይንህ ስንት ጨዋታ አየህ?»

«ሁሉንም።»

«ባለፈው እሑድ ከአርዲቦዎች ጋር ሲጫወቱ የት ነበርክ?»

«እዚሁ። ወሬው እኮ ከተጫዋቾቹ ቀድሞ ነው የሚደርሰኝ፣ ወላሂ።»

ሶፋው ላይ የነበሩት ሳቁ፤ እሱም አብሯቸው ሳቀ። ሃምሳ ስምንቱ በነበረበት ቀረ።

ጌም ቤት ውስጥ ቢቀር ኖሮ እኔም እዚያው እተወው ነበር። የቡድኑ አሠልጣኝ አሻግሬ ግን የባድሩን ዝርዝር በወረቀት ገልብጦ ኪሱ ውስጥ መያዝ ጀመረ። አሻግሬ ክፉ ሰው አይደለም፤ ጭቅጭቅ የሚፈራ ሰው ነው። ከተማው ትንሽ ነው፤ የተጫዋች አጎት መንገድ ላይ አስቁሞ «ልጃችንን ለምን አስቀመጥከው?» ይለዋል። ወረቀቱን ካገኘ ወዲህ መልስ አላጣም፤ «እኔ ምን ላድርግ፣ ቁጥሩ ነው» ይላል። አሠልጣኙ ከባድሩ ግምት ሥር ተጠለለ፤ አሠልጣኙ ስለተጠለለበት ደግሞ ሰው ሁሉ እንደ እውነት ያዘው። በዚያ ዓመት ከስድሳ አምስት በታች የሆነ አይሰለፍም ተባለ።

ግንቦት ላይ ለዋንጫ ውጫሌ ሄድን። በግራ መስመር ማህዲ ገባ፤ ባድሩ ቤት ስድሳ ስምንት ነበር። ዋለ ማሊያውን ለብሶ፣ ታኬታውን አስሮ፣ ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ተቀያሪ ወንበር ላይ ተቀመጠ። አንድ ለዜሮ አሸነፍን። ጎሏ የገባችው ከቀኝ በኩል በተሻገረ ኳስ ስለነበር በግራ በኩል ማን እንደቆመ የጠየቀ አልነበረም። ባድሩ ግን ስንመለስ አውቶብሱ ውስጥ ቆሞ «ቁጥሬ ዋሸ?» እያለ ሲፎክር ሰምቻለሁ። ዋለ ከኋላ ወንበር ሆኖ አጨበጨበለት።

ክረምቱ ሲገባ ዋለ ለቀን ሥራ ወደ ቆላ ወረደ። ሌላ ጊዜ ቡድኑ ያስቀረው ነበር፤ በዚያ ዓመት የሚያስቀረው ነገር አልነበረም። ጥቅምት 2017 ላይ ወባ ይዞት እዚያው ሞተ። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር። የሞት ቅጹን የሞላሁት እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው ሲሞላው ስሙን ያበላሸዋል ብዬ ነው። ቁጥሩ ገደለው አልልም። የሞት ምክንያት በሚለው ቦታ የጻፍኩት ወባ ነው፤ ያወቅሁት ይህን ብቻ ነው።

በለቅሶው በሁለተኛው ቀን ባድሩ ከነማህዲ ጋር ድንኳን ገባ። ከሰዉ ጋር አለቀሰ፤ እውነተኛ እንባ ነበር። ከዚያ ወደ እናቴ ጠጋ ብሎ፦

«እማማ፣ ዋለን ዘጠና አራት አድርጌዋለሁ። በከተማው አንደኛ እሱ ነው፤ ከእንግዲህ ማንም አይደርስበትም» አላት።

እናቴ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀች፤ ነገሯትና መረቀችው። ለቅሶ ቤት እንዲህ ነው፤ የሟች ከብት ይበዛል፣ ቁመቱ ይረዝማል፣ ያልሮጠው ይሮጣል። ድንኳኑ ሲነሳ ይህ ሁሉ ይረሳል። የባድሩ ዘጠና አራት ግን እንደ ወሬው አልተረሳም። ልጆቹ በየቀኑ ዋለን እየመረጡ ዋለ ሮጦት በማያውቀው ፍጥነት ያስሮጡት ጀመር። አንዱ መንገድ ላይ አስቁሞኝ «ወንድምሽ ዛሬ አራት ጎል አገባ» አለኝ። ወንድሜ በሕይወቱ ያገባው አንድ ጎል ነው፤ እሱንም ኳሷ ጀርባውን ነክታው ነው።

አርባው ካለፈ በኋላ፣ ሰኞ እኩለ ቀን ላይ፣ ደብተሩን ይዤ ጌም ቤቱ ገባሁ። ባድሩ ብቻውን ጆይስቲክ እየጠገነ ነበር።

«ዘጠና አራቱን አውርደው» አልኩት።

«ምኑን?»

«ዋለ ሰባ አንድ ነው።»

መፍቻውን አስቀመጠ። «ጸዱ፣ ሐዘኑ ነው የሚያናግርሽ። ሰው የወንድሙን አውርዱልኝ ይላል?»

«ያወጣኸው አንተ። በምን አወጣኸው?»

«ሞተ እኮ።»

«ሲሞት ፍጥነት ጨመረ?»

«አትቀልጂ። ለክብሩ ነው ያደረግኩት። እናትሽ እንኳ መርቃኛለች።»

«እናቴ ጌም አታውቅም። አንተ ታውቃለህ።»

ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ገልጬ ወደ እሱ አዞርኩት። በመጋቢት ሁለት ገጽ ነበር ያየው፤ አሁን እስከ መጨረሻው ገለጠ። የማህዲ ገጽ ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ።

«ይሄ ስድሳ አራት ማነው?»

«ማህዲ ነው።»

«እኔ ጋ ስድሳ ስምንት ነው።»

«አውቃለሁ።»

ጣቱን ከገጹ ላይ አነሳ። «ሰባ አንድ ብዬ ከጻፍኩ» አለ በመጨረሻ፣ «ውጫሌ መግባት የነበረበት እሱ ነው ማለቴ ነው።»

«አዎ።»

«ዘጠና አራት ከሆነ ግን ሰው ሁሉ ለሐዘን ነው ብሎ ያልፈዋል።»

«ለዚህ ነው የመጣሁት።»

«እወደው ነበር እኮ፣ ጸዱ።»

«ደብተሩን ያሳየሁህ መጋቢት ዐሥራ ሁለት ነው። ቀኑ እዚያው ተጽፏል።»

ባድሩ ሳቀ፤ ሳቁ ግን አላማረም። «እኔንስ ማን ቆጠረኝ? ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያስቀምጡኝ ደብተር የያዘልኝ ሰው ነበር?»

«ዐሥራ አንድ ደቂቃ ገብተሃል» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ስለ ጉልበቱ ያወራል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አላወራም። ተነስቶ መሐለኛውን ቴሌቪዥን ከፈተ።

የዋለ ስም ወጣ። ባድሩ እንደ ልማዱ ድምሩ ላይ ዓይኑን ተክሎ ዘርፎቹን በዘፈቀደ መቀነስ ሲጀምር አስቆምኩት። ማስጣሉን ሰባ አንድ አድርግ አልኩት፤ አደረገ። ቅብብሉን ከደብተሩ አነበብኩለት። ጽናት የሚለው ላይ ሲደርስ ዘጠና ስድስት ነበር።

«ይሄንንስ?»

ገጹን ማየት አላስፈለገኝም። «ከሰባኛው ደቂቃ በኋላ ይደክማል» አልኩ። «ስድሳ አድርገው።»

ይህን ለባድሩ ከምናገር ሌላ ማንኛውንም ነገር ብናገር በወደድኩ። ግን የተጻፈው ይህ ነው። የቀሩትን አንድ በአንድ ጨረስን፤ ጠቅላላው ሰባ አንድ ላይ ቆመ። ባድሩ አስቀመጠው።

ለመሄድ ስነሳ መጋረጃው ተገለጠና ማህዲ ገባ። «እት ጸዳለ፣ እንዴት ዋልሽ» ብሎኝ ሶፋው ላይ ወደቀ፤ ጆይስቲኩን አንስቶ የሐይቅን ቡድን መረጠ። ወዲያው ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለ።

«አያ ባድሩ፣ ዋለን ማን ነካው? ዘጠና አራት አልነበረም እንዴ?»

ባድሩ ወደ እኔ አየ።

«የሞተ ሰው ላይ ትቀንሳለህ? አላህን አትፈራም?»

«አልቀነስኩም» አለ ባድሩ። «መጀመሪያም ሰባ አንድ ነበር።»

«መቼ ነው መጀመሪያ?»

«ውጫሌ የሄድን ቀን።»

ማህዲ ወደ ስክሪኑ ተመለሰ። የእሱ ስም ከዋለ ስም ሥር ነበር፤ ስድሳ ስምንት ይላል። አንዴ ላዩን አንዴ ታቹን አየ። ከዚያ ዋለን ግራ መስመር ላይ አሰለፈ፤ ራሱን ተቀያሪ ወንበር ላይ አስቀመጠና ጨዋታውን ጀመረ። በሩ ላይ ቆሜ አየሁ። ዋለ አራት ጎል አላገባም። ከመጡበት ኳሶች አንዳንዱን አስጣለ፤ አንዳንዱ አለፈው። በሰባ ሁለተኛው ደቂቃ ማህዲ ጨዋታውን አቁሞ ዋለን አስወጣና ራሱን አስገባ።

«ደክሟል» አለ፣ ለባድሩ።

ልክ ነበር።