ነጯ ጥንቸል

ላቦራቶሪያችን ውስጥ «እንዝርት» የምንላት ባልደረባዬ መቀመጥ አይሆንላትም። ሃያ ዓመት ሙሉ ከታመሙ እንስሳት አፍንጫና ሳንባ ናሙና ወስዳ ባክቴሪያ ስታሳድግ ኖራለች፤ ባክቴሪያ ደግሞ በጥድፊያ አያድግም። እሷ ግን የማሞቂያውን በር በየሰዓቱ ትከፍታለች። «ተያቸው፣ ብርድ ታስመቻቸዋለሽ!» እያልኩ እቀልድባታለሁ።

ባለፈው ሳምንት ግን ቀልዱ አስጠላኝ። ጥንቸል የሚያረባ ታላቅ ወንድም አላት። በአሥር ቀን ውስጥ አሥራ አንድ ጥንቸሎች ሲያስነጥሱ ሰንብተው ሞቱበት። እሱም በሽታው የመጣው ከሚያስሉት የጎረቤቴ በጎች ነው ብሎ ጎረቤቱን ያዘ፤ ሰውየው በጎቹን ይዞ ከሰፈር ይነሳልኝ ብሎ ለቀበሌው አቤት አለ። ውሳኔው የሚጠብቀው የእኛን ውጤት ነበር።

«ኧረ ቶሎ በይ እህቴ፣ ይሄ ሰውዬ ጨረሰኝ እኮ!» እያለ በስልክ ይጮህባታል።

ከጥንቸሎቹም ከበጎቹም ያው አንድ ዓይነት ባክቴሪያ በቀለ። ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው ላይ ፈርሞ ይገላገል ነበር። እሷ ግን ዝርያቸውን ልለይ ብላ የዘረ መላቸውን መስመር ጎን ለጎን አወጣች፤ እንደ ልማዳችንም ለማነጻጸሪያ ከማቀዝቀዣ አንድ የቆየ ናሙና ጨመረች።

የበጎቹ መስመር ከጥንቸሎቹ ጋር አልገጠመም። የገጠመው የቆየው ናሙና ነው፤ እሱ ደግሞ ከራሳችን የላቦራቶሪ ጥንቸሎች የተወሰደ ነበር። እንዝርት ወንበር ስባ ተቀመጠች። ደነገጥኩ።

አምና አንድ ጥናት ሲያልቅ የተረፉት ጥንቸሎች እንዲገደሉ ታዘዘ። እሷ አንጀቷ አልችል ብሎ አንዲት ነጭ ጥንቸል በጋውኗ ሸሽጋ ለወንድሟ ወሰደችለት። አይቼ ዝም አልኩ። ጤነኛ የምትመስል ጥንቸል በሽታውን በአፍንጫዋ ይዛ እንደምትኖር ለተለማማጆች የምታስተምረው ራሷ ናት!

«በጎቹ አይደሉም ብለሽ ጻፊና ማነጻጸሪያውን ተይው» አልኳት። «እንጀራሽ ነው።»

«ነጯ እዚያው ናት እኮ። የቀሩትንም ትጨርሳቸዋለች።»

ሁሉንም ጻፈችው። ከዚያ ለወንድሟ ደወለች።

«ጋሼ፣ ነጯን አሁኑኑ ለብቻዋ አድርጋት። ጎረቤትህንም ይቅርታ ጠይቀው። በሽታውን ያመጣሁብህ እኔ ነኝ።»



«ነጯን?» አለ ወንድሟ። «ሳታስነጥስ የሰነበተችው እሷ ብቻ ናት። ያዘኑትን ጥንቸሎች ታጫውታቸው ብዬ በየቤታቸው ሳዞራት ነው የከረምኩት።»