ሁለተኛ ምስክር የጠየቅሁበት ዓርብ

ያን የስልክ መልእክት በማግሥቱ ቅዳሜ በሬዲዮ አንብቤው ቢሆን ኖሮ ጎረቤቴ ከቤታቸው ይወጡ ነበር? ዓመታት አለፉ፤ መልሱን ዛሬም አላውቀውም።

ሐይቅ ከተማ ውስጥ በነበረች ትንሽ የአካባቢ ሬዲዮ የሕዝብ ጉዳዮች ዝግጅት አዘጋጅ ነበርኩ። ፊደል የቆጠርኩት ሃያ ዓመት ካለፈኝ በኋላ፣ ለሕፃናት በተሠራ ዴስክ ሥር ጉልበቴ አልገባ እያለኝ ነው። ዘግይቶ የተማረ ሰው ቃል ያከብራል፤ እኔማ አበዛሁት። ዘጋቢው «ብዙ ሰው» ብሎ ከጻፈልኝ «ስንት?» እለዋለሁ። «ትናንት» ካለ «ጧት ነው ከሰዓት?» ባልደረቦቼ ለሻይ ሲጠራሩ እኔን መጥራት ተዉ። አልፈረድኩባቸውም። መጽሐፌን ይዤ ብቻዬን ወደ ሐይቁ ዳር እወርድ ነበር።

ለውጥ መጣ በተባለ ሰሞን ስልካችን አያርፍም። ቀድሞ ኃላፊ ለማመስገን ብቻ ይደውል የነበረ ሰው ምላሱ ተፈታ። ከውጫሌ ስለተቃጠለ ትራንስፎርመር፣ ከግሸን አቅጣጫ ስለተናደ መንገድ፣ ከሐይቁ ዳር ዓሣ አጥማጆች ስለተወሰደባቸው መረብ ይጠይቃሉ። ጥያቄውን ደብተሬ ላይ እገለብጥና ቅዳሜ በቀጥታ ሥርጭት፣ ወደ ስቱዲዮ በሚመጣው የወረዳ ኃላፊ ፊት አነበዋለሁ። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ፦ ከሁለት ሰው ያልሰማነው አይተላለፍም። ደዋዩ ስሙንና ቀበሌውን ይናገራል፣ ከዚያው ሰፈር ሌላ ሰው እንፈልጋለን፣ ከዚያ ይነበባል። በዚህ ደንብ ብዙ ሐሜት አስቀርቻለሁ። እኮራበትም ነበር።

ጎረቤቴ በዕድሜ የገፉ፣ እግራቸው የማይታዘዝላቸው፣ ስኳር ያለባቸው እናት ነበሩ። አንዲት ልጃቸው ዓረብ አገር ትሠራለች። ቅዳሜ ስመለስ በራቸው ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኛል።

«ዛሬስ ያን ሰውዬ ለቀቅሽው።»

«መልስ ሰጠ እኮ፣ እማማ።»

«ወላሂ አልሰጠም! ‹እየተሠራበት ነው› አለ። የኔም ጣራ እየተሠራበት ነው፤ ይኸው አሥረኛ ክረምቱ።» ይስቁና ደግሞ ይጨምራሉ፦ «እዚህ ስትሆኚ አፍ የለሽም፤ እዚያ ሣጥን ውስጥ ስትገቢ ማን ይችልሻል!»

በሳምንት ውስጥ ከሥራ ጉዳይ ሌላ ከሰው ጋር የማወራው ይህንኑ ነበር።

በሰሜን የተነሣው ጦርነት ወደ እኛ ሲቃረብ ወሬው በዛ። አንድ ዓርብ ከአምባሰል አንድ ሰው ደወለ። ድምፁ አልተጣደፈም።

«ከእኛ በላይ ያለው ሕዝብ ከብቱን እየነዳ እየወረደ ነው። ነገ ኃላፊው ሲመጣ ጠይቂልን፤ እንውጣ ወይስ እንቀመጥ? ሽማግሌና በሽተኛ ያለበት ቤት ከአሁኑ ካልተነሣ አይደርስም።»

«ስምዎን ይንገሩኝ።»

«ስሜን ምን ያደርግልሻል?»

«እንግዲያው ሌላ ያየ ሰው ያገናኙኝ።»

«እህቴ፣ ያየው ሁሉ መንገድ ላይ ነው» አለና ዘጋው።

የማውቃቸውን ሁለት ቁጥሮች ሞከርኩ፤ አልሠሩም። መልእክቱን ጽፌ ከጎኑ «ይጣራ» አልኩበት። ቅዳሜ ኃላፊው «ሕዝቡ ተረጋግቶ ሥራውን ይሥራ» ሲል እኔ ስለ ማዳበሪያ ጠየቅሁት። ሰውየው የላከው ጥያቄ እንጂ ወሬ አልነበረም። ለጥያቄ ምስክር እንደማይጠራ የገባኝ በጣም ዘግይቶ ነው።

ማታ ስመለስ ጎረቤቴ እንደወትሮው በር ላይ ነበሩ።

«ልጄ ደሴ የሚያደርሰኝ መኪና ልካልኝ ነበር» አሉኝ። «ሾፌሩን ቆይ ሬዲዮዬን ልስማ አልኩት። ሰማሁና መለስኩት። አንቺ እያለሽ ምን እሰጋለሁ?»

ደብተሩ ከብብቴ ሥር ነበር። የአምባሰሉን ሰው ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ፤ ግን ያላጣራሁትን ለሰው መንገር አልለመድኩም። «ደኅና ይደሩ» ብዬ ገባሁ።

ከቀናት በኋላ ከተማው በእግሩ ወጣ። መኪና በልመናም አልተገኘም። በራቸውን ሳንኳኳ «እኔን ማን ያዝለኛል? አብሽሪ፣ ሂጂ» አሉኝ። ሄድኩ። ወራት ቆይቼ ስመለስ ቤታቸው ተዘግቷል። መድኃኒታቸው አልቆ፣ ፋርማሲው ባዶ ሆኖ፣ ታናሽ ወንድማቸው እንደቀበሯቸው ሰማሁ። ለቅሶ ስደርስ ሁሉም ስለ እሳቸው የሚያውቁትን ተናገሩ። እኔ ከሴቶቹ መካከል ተቀምጬ ዝም አልኩ። ሰው ዝምታዬን ስለለመደው ማንም ምን ሆነሽ አላለኝም።

ልጃቸው ከዓረብ አገር የመጣችው ከዓመት በላይ ቆይታ ነው። አንድ ጧት በሬን አንኳኳች።

«እናቴ ስላንቺ ሳታወራ ስልክ አትዘጋም ነበር» አለች። «እስቲ ንገሪኝ፤ ያን መኪና ለምን መለሰችው? ሰው ሁሉ ቤቷን ስለምትወድ ነው ይለኛል።»

ቤት ስለሚወዱ ነው ብል ታምነኝ ነበር። ነገርኳት። የደወለውን ሰው፣ ደንቤን፣ ማዳበሪያውን፣ ሁሉንም በቅደም ተከተል ነገርኳት።

«በር ላይ ስታገኚያትስ?»

«ያኔም አልነገርኳቸውም።»

ሻርፗን ፊቷ ላይ ሳበች። ውኃ አቀረብኩላት፤ አልነካችውም። አልሰደበችኝም፣ አፉ ብዬሻለሁም አላለችኝም። በኋላ ተነሥታ ጫማዋን አደረገች።

«የቀበራት አጎቴ እስከ ዛሬ ‹ተሸክሜ ባወጣት ኖሮ› እያለ ራሱን ይበላል» አለች። «እሱም ከአፍሽ ይስማ። እኔ አልነግርልሽም።»

ነጠላዬን አንሥቼ ተከተልኳት።