ጤፉ ዳጉሳ የሆነበት ሰሞን

በምሠራበት ዳቦ ቤት ዱቄት የሚመጣው ከፋብሪካ ነው፤ አፉ በስፌት መኪና የተዘጋ፣ ሲነኩት የሚቀዘቅዝ፣ ሽታም የሌለው። ባለፈው ሳምንት ግን አንዲት ሴትዮ ለልጇ ክርስትና ድፎ እንድንጋግርላት ስንዴዋን አስፈጭታ በቀጥታ ከወፍጮ ይዛ መጣች። እጄን እስከ ክርኔ ብከተው ዱቄቱ ገና ይሞቃል፤ የጋለ ድንጋይና የናፍጣ ሽታም አለው። እጄን ሳላወጣ ብቆይባት ሴትዮዋ “ምነው፣ ነቀዝ አገኘሽበት?” ብላ ሁላችንንም አሳቀችን።

ያደግሁት ከማክሰኝት ወጣ ብላ ባለች የገጠር መንደር ነው። ለአካባቢው ሁሉ አንድ ወፍጮ ቤት ነበረን፤ ሞተሩ ሲነሣ መሬቱ ይንቀጠቀጣል፣ ዶሮዎች ይበረግጋሉ፣ ድንጋዩን የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ሲበጠስ ደግሞ ግማሽ ቀን ዝም ይላል። እኛ ልጃገረዶች ተራ ለመጠበቅ የተላክን ስለሆንን ቺንጋው ቢበጠስ ደስታችን ነበር። ደጁ ላይ በተጋደመው ግንድ ተደርድረን፣ ቅንድባችን ሳይቀር ዱቄት ለብሶ፣ በአስር ዓመታችን አሮጊት መስለን እንጫወታለን።

ጨዋታውን ያመጣችልን ጥሩየ ናት። ከሁላችንም ትበልጣለች፤ ጎንደር ከሚማረው ወንድሟ የሰማችውን በእኛ አገር ነገር እየለወጠች ታወራልናለች። እንቆቅልሽ ይመስላል፣ ግን አገር መስጠት የለበትም። እሷ ግራ የሚያጋባ ወሬ ትነግረናለች፣ እኛ እየተቀባበልን እንጠይቃለን፣ እሷም ከሦስት መልስ ሌላ አትሰጥም፦ አዎ፣ አይደለም፣ ከነገሩ የለም። ሕጉ ደግሞ የሚያውቅ አይዋሽም፣ የሚጠይቅ አይቆጣም የሚል ነው።

አንድ ቀን “ሰውየው አህያ እየነዳ ገበያ ሄደ፤ ሲመለስ አህያ ተሸክሞ መጣ” አለችን።

“አህያዋ ታማበት ነው?”

“አይደለም።”

“የተሸከማት የነዳትን ነው?”

“አይደለም።”

“ሰውየው ወፍራም ነው?”

“ከነገሩ የለም! አንቺ ደግሞ!”

እኔ መልሱን አውቄው ነበር፤ አህያዋ መንገድ ላይ ወልዳ ሰውየው ውርንጭላዋን ተሸክሞ ነው። ግን ስሜ ሲጠራ እንኳ ጆሮዬ የሚግል ልጅ ነበርሁና ከአፌ አልወጣም። በአፌ ፋንታ እጄ ሥራ ፈለገ። የሁሉም ሰው ጆንያ አንድ ዓይነት ስለነበር የማን እንደሆነ የሚለየው አንገቱ ላይ በሚታሰረው ብጣሽ ጨርቅ ነው። ከጎኔ ገና ያልተፈጨ ሁለት ጆንያ ነበር፤ የእናቴ ዳጉሳ በቀይ ጨርቅ፣ የጎረቤታችን የእትየ የሽ ጤፍ በሰማያዊ የታሰረ። የሁለቱንም ጨርቅ ፈትቼ ስጠመዝዝ ስዘረጋ ሌላ ልጅ መልሱን ቀድማኝ ጮኸች፣ ሞተሩም ተነሣ። ደንግጬ ጨርቆቹን እንደ ነገሩ መልሼ አሰርኋቸው።

ማታ በቀይዋ ጨርቅ ምልክት የወሰድሁትን ጆንያ ቤት አስገብቼ፣ እንደ ልማዴ ለሙቀቱ እጄን ስከት ዱቄቱ ነጭ ነው። እናቴ የቀድሞውን ዱቄት ገና አልጨረሰችም ነበርና አላየችውም። እኔም አፉን ከበፊቱ አጥብቄ አሰርሁት።

በማግስቱ እትየ የሽ በነጠላዋ ጫፍ ጥቁር የዳጉሳ ዱቄት ቋጥራ ወፍጮ ቤት ደረሰች። ጤፉ ለባሏ ተዝካር ብላ ዓመት ሙሉ ሳትነካው ያስቀመጠችው ነበር። “ለሙት የተሰፈረ ጤፍ ይሰረቃል? ምነው አያ ፈንታ!” ብላ አለቀሰች። አያ ፈንታ እህሉን የሚፈጩልን ሽማግሌ ናቸው፤ መሬት የላቸውም፣ ቤታቸውም ያችው የወፍጮዋ ጓዳ ናት። ቢምሉ ቢገዘቱ የሚሰማቸው አጡ። የወፍጮው ባለቤት ጤፉ እስከ ቅዳሜ ካልተገኘ ሌላ ፈጪ እንደሚቀጥር በሰው ፊት ነገራቸው።

ለእናቴ ለመናገር ሦስት ጊዜ አፌን ከፈትሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ “ውኃ ልቅዳ?” ብዬ ዘጋሁት። ያን ሰሞን ቤታችን ውኃ ጠፍቶበት አያውቅም።

ዓርብ ቀን ሞተሩ ቆሞ ነበር። አያ ፈንታ ከጓዳው ደጃፍ ተቀምጠው መኝታ ቁርበታቸውን እየጠቀለሉ በገመድ ያስራሉ። ጥሩየ “ዛሬ ማን ወሬ አለው?” ስትል “እኔ” የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ የእኔው ድምፅ ነው።

“እንዴ! አፍ አላት ለካ!” አለች አንዷ፤ ጥሩየ በክርኗ ጎሸመቻት።

“አንዲት ሴት ጤፍ አስፈጨች” አልሁ መሬት መሬት እያየሁ። “ቤቷ ስትደርስ ዳጉሳ ሆነ። ግን ማንም አልሰረቃትም።”

የሳቀ አልነበረም። ጥሩየ ጠጋ ብላ ተቀመጠች።

“ፈጪው አጥፍቷል?”

“አይደለም።”

“ጆንያው ተምታታ?”

“አዎ።”

“ምልክቱ ተቀያይሮ ነው?”

“አዎ።”

“የቀየረው ሰው እዚህ አለ?”

“አዎ።”

ቀጥላ የምትጠይቀውን ሁላችንም አውቀነዋል። ጥሩየ ግን ያንን ጥያቄ ዘለለችው።

“ጤፉ እስካሁን አለ?”

“አዎ።”

“እንግዲያ ተፈታ” ብላ ተነሣች።

አያ ፈንታ ለካ ገመዱን ይዘው ሲሰሙን ኖረዋል። “እኔም አንድ ልጠይቅ” አሉ። “ፈርተሽ ነው ልጄ?”

“አዎ” አልሁና አለቀስሁ። እሳቸውም ገመዱን ፈቱት።

ሁላችንም አብረን ከእናቴ ዘንድ ሄድን፤ ጤፉንም እናቴና ጥሩየ ተጋግዘው ለእትየ የሽ አደረሱ። እትየ የሽ አያ ፈንታን ጉልበት ስማ ይቅርታ ጠየቀች፤ ተዝካሩም በቀኑ ወጣ። እኔም ከእናቴ አንድ ሸጋ ቁንጥጫ ደረሰኝ፤ የጠበቅሁት አሥር ነበር።

ዛሬ ወፍጮው በመብራት ይሠራል ይሉኛል፤ ወረፋ የለም፣ ቺንጋ አይበጠስም፣ ግንዱም ተፈልጦ ነዷል። አያ ፈንታ በዚያችው ጓዳ አርጅተው አረፉ። ጥሩየ ዛሪማ ከተማ ሄዳ አግብታ በስልክ ብቻ እንገናኛለን፤ እኔም ትምህርቴ ስድስተኛ ላይ ቀርቶ ጎንደር ገባሁ። ከተማው ሸጋ ነው፤ ሰው ግን ሦስት ጥያቄ ባንዴ ይጠይቅሽና መልሱን ሳይሰማ ያልፋል። ግማሽ ቀን ሙሉ አንዱ የአንዱን መልስ የሚጠብቅበት ቦታ እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

ዳቦ ቤታችን በዚህ ወር ከሳንጃ የመጣች፣ በዕድሜ የምትበልጠኝ ሴት ተቀጥራለች። ቀኑን ሙሉ ሳትናገር ታቦካለች፤ ዓይኗ አብጧል። “ምን ሆንሽ?” ያላላት የለም፣ የመለሰችለትም የለም። ትናንት ከጎኗ ቆሜ ማቡካት ጀመርሁ።

“እትየ፣ አሞሽ ነው?”

“አይደለም።”

“የቤት ነገር ነው?”

ሊጡን ገልበጥ አደረገችው። “አዎ።”

“ልጅ ትተሽ መጥተሽ ነው?”

“አዎ” አለች። ከዚያም ሳልጠይቃት ስሙን ነገረችኝ።