አንድ ማዳበሪያ ብሎን

"አንች የጀመርሽውን ጨርሰሽ አታውቂም፤ ለዚህ ሥራ አትሆኝም።"

ይህን ያሉኝ የአሮጌው አውቶቡስ ሹፌር የነበሩት ሽማግሌ ናቸው። አውቶቡሱን ጠግነን ወደ መንገድ ልንመልሰው በተሰበሰብንበት፣ በሰው ፊት። ውሸት ቢሆን ኖሮ እናደድ ነበር፤ እውነት ነው። ሐይቅ ትንሽ ከተማ ናት፣ የተውኩትን ሥራ ሁሉ ሰው በቃሉ ይዞታል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ ልብስ ስፌት ጀምሬ በሦስተኛው ወር ተውኩት። ከሐይቁ ዳር ዓሣ እየተረከብኩ ለምግብ ቤቶች ማቅረብ ጀመርኩ፤ ሽታውን ለመድኩት፣ ጀልባ ሲጠብቁ መቀመጡ ግን ገደለኝ። ኮምፒውተር ልማር ብዬ ደሴ ሄድኩ፣ ተመለስኩ። አንድ ቦታ ስቀመጥ እግሬን ጉንዳን የወረረኝ ይመስለኛል።

"ጋሸ፣ እውነትዎን ነው" አልኳቸው። "ግን መፍቻ የሚያቀብልዎት ሰው የለም። እኔ አለሁ።"

"እስከ መቼ?"

"እስኪሰለቸኝ።"

የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። እሳቸውም ሳቁና "ወላሂ፣ አለመዋሸትሽ ብቻ ደስ ይላል። በይ ያንን መፍቻ አምጪ" አሉኝ። እንዲህ ነው የገባሁበት።

አውቶቡሱ የቆመው በትምህርት ቤቱ ግቢ ጥግ ነው። ስንማር ከሒሳብ ክፍለ ጊዜ የምንደበቅበት ነበር። ቦዲው እንጨት ነው፤ ከፊቱ ያለው ብቻ ቆርቆሮ ነው፣ እሱም በልዟል። በደጉ ጊዜ ከሐይቅ ውጫሌ፣ ከውጫሌ ደሴ ይመላለስ ነበር። ክርስቲያኑን ለግሸን ማርያም፣ እስላሙን ለመውሊድ አድርሷል። ሙሽራ ጭኗል፣ በርበሬ ጭኗል፣ አስከሬንም ጭኗል። እናቴን በምጥ ጊዜ ሐኪም ቤት ያደረሳት እሱ ነው፤ የተወለደው ታላቅ ወንድሜ ነው፣ እኔ አይደለሁም። እኔ የተወለድኩት አውቶቡሱ ከቆመ በኋላ ነው።

ርዕሰ መምህሩ ቁርጡን ነግረውናል። "ክረምት ሳይገባ እዚህ ቦታ ላይ የመማሪያ ክፍል መሠረት ይቆፈራል። እስከዚያ በራሱ ሞተር ተነድቶ ከግቢው ከወጣ የእናንተ ነው። ካልወጣ ለቁራሌው እሸጠዋለሁ።"

"ገፍተን ብናወጣውስ?" አልኳቸው።

"ገፍታችሁ የማን ደጅ ላይ ልትጥሉት? በድኑን ከእኔ ግቢ አውጥታችሁ ለሌላ ሰው ልትሰጡ?"

ክፉ ሰው አይደሉም። የሁለተኛ ክፍል ልጆች ዛፍ ሥር ነው የሚማሩት። እኔም በሳቸው ቦታ ብሆን ይህንኑ እል ነበር።

ዋናዎቹ ሠራተኞች አራት ነበርን። ጋሸ፣ ከሳውዲ የተመለሰው በያጅ፣ አናጢው ዲያቆን፣ እኔ። ደመወዝ የሚባል ነገር የለም። ሌላው ሰው ሲመቸው ይመጣል፣ አንዱ ቀለም፣ አንዱ ሚስማር፣ አንዱ ምክር ይዞ። ምክሩ በጣም ብዙ ነበር።

ሁለት ወር ሠርተን ሞተሩ የሚቀረው ከክዳኑ ሥር የሚገባው ጓርኒሲዮን ብቻ ሆነ። እሱን ፍለጋ ቅዳሜ ቀን እኔና ጋሸ ደሴ ሄድን። ለዚያው ቅዳሜ ጅጌ ተጠርቷል። ጅጌ ማለት አዝመራ ሲደርስ ሰው ተሰብስቦ የአንዱን ማሳ በአንድ ቀን የሚያነሳበት ነው፤ እኛ የጠራነው ግን ግቢውን እንዲያጭዱና ቦዲውን እንዲያጥቡ ብቻ ነበር። በመስጊድም በቤተ ክርስቲያንም ተነገረ። ሃያ ሰው ይመጣል ብለን ነበር። ወደ ሰባ መጣ።

ሰባ ሰው ደግሞ አንድ አውቶቡስ እስከ ረፋድ አጥቦ ይጨርሳል። ከዚያስ? በእኛ አገር ጅጌ የመጣን ሰው "በቃ ሥራ የለም፣ ተመለሱ" አይባልም። ነውር ነው። እጁን ያላቆሸሸ ሰው የጅጌን ምሳ አይቀምስም። አንዲት እናት ለዲያቆኑ "ባዶ እጃችንን ልትመልሱን ነው እንዴ?" ብለውት፣ እሱም ይሉኝታ የሚገድለው ሰው ነው፣ የመፍቻውን ሳጥን ከፈተና ለሁሉም አደለ።

ከሰዓት በኋላ ጓርኒሲዮኑን ይዘን ከደሴ ስንመለስ ንፍሮ እየበሉ ደረስን። አውቶቡሱ አፅሙ ቀርቷል። በሩ፣ ወንበሩ፣ ራዲያተሩ፣ የሞተሩ ዕቃ ሁሉ ተፈቶ በሐይቁ አሸዋና በአመድ ተፈትጎ ሣር ላይ ተሰጥቷል። እንደ ሠርግ ቤት ሰሃን ያብረቀርቃል።

"ብሎኖቹስ?" አልኩ።

"አብሽሪ!" አለኝ አንድ ዓሣ አጥማጅ ደረቱን ነፍቶ። "አንድ አልጠፋም። ሁሉንም አጥበን አድርቀን እዚያ ማዳበሪያ ውስጥ ከተናቸዋል።"

በአንድ ማዳበሪያ። የመሪው፣ የሞተሩ፣ የወንበሩ፣ የጎማው፣ የጣሪያው ብሎን በአንድ ማዳበሪያ ውስጥ፣ እስከ አፉ።

ጋሸ "ላ ሐውለ ወላ ቁወተ" አሉና ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ተነሥተው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። "አላህ ይቀበላችሁ። ጉልበታችሁን አይንሳችሁ። ለልጅ ልጆቻችሁ ሠርግ ያብቃችሁ።" አንዱ አሚን፣ አንዱ አሜን አለ። ሰው ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ገባ። ጅጌን ማን ይቆጣል?

ሰው ሄዶ ሲያልቅ ጋሸ ወደኔ ዞሩ። "በይ እንግዲህ፣ የምትሰለችበት ሰዓት ደረሰ።"

ስቄ ማለፍ ነበረብኝ፣ ተናደድኩ። ማዳበሪያውን ልሸከመው ብል አልተነሣም። ጎተትኩትና አውቶቡሱ ጥላ ሥር ሰሌን ዘርግቼ ዘረገፍኩት። ከሱቆች የእንቁላል መደርደሪያ ካርቶን ለምኜ አመጣሁ። መጀመሪያ በቁመት ለየሁ፣ ከዚያ በውፍረት፣ ከዚያ በጥርሱ። የእንጨት ቦዲው ላይ የብሎን ራስ ተጭኖት የኖረ ቦታ ጎድጉዷል፤ እያስጠጋሁ ለካሁት። የሞተሩ ግን በአሸዋ ተፈትጎ ምልክት የሚባል አልቀረለትም። ለሱ የጋሸ እጅ ነበረ።

የጋሸን ዓይን ሞራ ጋርዶታል። አንድ ብሎን ሳቀብላቸው በአውራ ጣታቸው ይዳስሱታል፣ ያዞሩታል። "ይኸ የውሃ ፓምፑ ነው። ጥርሱ እዚህ ጋ ተበልቷል፣ አየሽው? ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ ዝናብ መጥቶብኝ ቸኩዬ።" ሌላውን፤ "ይኸ የኛም አይደለም። ከአንድ ጭነት መኪና ለምኜ የገጠምኩት ነው፤ በላይ በኩል ነው የሚገባው።" እኔ እጽፋለሁ፣ ካርቶኑ ላይ እለጥፋለሁ፣ ቀጣዩን አቀብላለሁ። ጠዋት እጀምራለሁ፣ ቀና ስል የቀትሩ፣ የዙሁር አዛን ይሰማል።

የመንገደኛው አፍ አያርፍም። "አንች፣ ምስር እየለቀምሽ ነው?" አለኝ አንዱ የባጃጅ ሹፌር በአጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ።

"አዎ። ጠጠሩንም አሁን አገኘሁት፤ ና ቁጭ በል።"

ሦስት ሳምንት እንዲህ ሄደ። ጉንዳኑ እግሬን አልተወኝም፤ እየቆምኩ፣ እየተራመድኩ፣ አውቶቡሱን እየዞርኩ ለቀምኩ። እያንዳንዱን ብሎን ያጠበቅሁት እኔ ነኝ፤ በያጁና ዲያቆኑ ከባዱን ያነሣሉ፣ ጋሸ ይነግሩኛል፣ እኔ አጠብቃለሁ። በመጨረሻ ማንም ያላወቃቸው አሥራ አንድ ብሎኖች ተረፉ። "አይዞሽ" አሉኝ ጋሸ፣ "ብሎን ያልተረፈበት መኪና አልተሠራም ማለት ነው።"

የመጨረሻው ቀን እሑድ ነበር። ቆፋሪዎቹ ሰኞ ይገባሉ። ርዕሰ መምህሩ መጡ። ቁራሌውም መኪናውን አጥሩ ሥር አቁሞ፣ ገመዱን ጠቅልሎ፣ የሱፍ ፍሬ እየፈለፈለ ይጠብቃል። ከአንድ አይሱዙ ባትሪ ተውሰናል። ጋሸ ከመሪው ኋላ ተቀመጡ፣ "ቢስሚላህ" አሉና አስነሡ። ሞተሩ ዞረ፣ ዞረ፣ አልተነሣም። ደገሙ። አሁንም የለም። ቁራሌው ሱፉን ኪሱ ከተተና ከመኪናው ወረደ።

"ባትሪው ሳያልቅ ተዉት!" አለ በያጁ። "ናፍጣው አየር ይዟል።"

እጄን ከሞተሩ ሥር ሰደድኩ። የናፍጣው ቱቦ ላይ ያለችው ትንሽ ብሎን የት እንዳለች ሳላይ አገኘኋት፤ በካርቶኔ ላይ ብቻዋን ነበር የተቀመጠችው። አየሩ እንዲወጣ ላላ አደረግኋት። አረፋ ወጣ፣ እጅጌዬ ውስጥ ገባ። በያጁ ናፍጣውን በእጅ ፓምፑ ይገፋል፣ አረፋው ይቀጥላል። ከዚያ አረፋው ቆመና ናፍጣው እንደ ክር ቀጥ ብሎ ወረደ። አጠበቅኋት።

"አሁን!"

አንዴ አስሎ ጥቁር ጭስ ተፋና ተነሣ። እልልታው ሐይቁን የሚሻገር መሰለኝ። ያ ዓሣ አጥማጅ ያለቅሳል። እኔ አላለቀስኩም፤ ኮራሁ። በሕይወቴ እንዲህ ኮርቼ አላውቅም፣ ደግሞም ይገባኝ ነበር።

ጋሸ በሩን አጥርተው ስለማያዩት፣ ከፊት ከፊታቸው ወደኋላ እየሄድኩ መራኋቸው። "ና! ና! ግራ ያዝ! ና! በቃ፣ አሁን ቀጥ!"

"ኧረ ጋሸን አንተ አለቻቸው!" ብሎ ሰው በሳቅ ወደቀ። ጋሸ ራሳቸው ከመስኮቱ ብቅ ብለው "ዝም በሏት! ረዳት እንዲህ ነው!" አሉ።

የኋላው ጎማ የበሩን መቃን አልፎ ከመንገዱ ላይ አረፈ። ርዕሰ መምህሩ ጎማውን አዩ፣ በሩን አዩ። "ወጣ። የእናንተ ነው" አሉና ለቁራሌው በእጃቸው ሂድ አሉት።

ሰው ተጋፍቶ ተሳፈረ፤ ማዶ ያለው ሜዳ ድረስ ብቻ ነው፣ ግን ማን ይቀራል። ጋሸ ከፊት ወንበር ላይ ያለውን ሰው አስነሡና "ነይ፣ ቦታሽ እዚህ ነው" አሉኝ።

"ጋሸ፣ ናፍጣ ነኝ፤ ሰው አቆሽሻለሁ።"

"ነገስ?"

"ነገ የመስኮቶቹን ሥራ እንጀምራለን። በሁለት ሰዓት።"

በሩን ዘጋሁና ቦዲውን ሁለቴ በመዳፌ መታሁ። አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። እኔ ጠዋት ለሥራ ያወለቅሁትን ጫማዬን ከአጥሩ ሥር አንሥቼ ወደ አስፋልቱ ወጣሁና በመጀመሪያው ባጃጅ ወደ ቤቴ ሄድኩ።